ለአጎቴ የታዘዘ ማስታገሻ

ስልኬ ሲጠራ ደሴ፣ በሐኪምነት በምሠራበት ሆስፒታል፣ የወንዶች ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ወሩ ነሐሴ ነው። መስኮቶቹ በጉም ስለታፈኑ ጠዋቱ ገና በቅጡ ያልነጋ ይመስላል። የደወሉት የአጎቴ ሚስት ነበሩ፣ ከኮምቦልቻ። እሳቸው ስልክ የሚደውሉ ሰው አልነበሩም። “አሰላሙ ዐለይኩም” ብለው የእኔን፣ የእናቴን፣ የጎረቤቱን ደህንነት ጠይቀው እስኪጨርሱ ከበሽተኞቹ ርቄ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ነበር። በእኛ ቤት ሰላምታ ሲረዝም ከኋላው ከባድ ነገር እንደሚመጣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

አጎቴ ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ዉዱእ ሲታጠቡ የመስጊዱ እርጥብ ድንጋይ አንሸራቷቸው በቀኝ ጎናቸው ወድቀዋል። ጭንቅላታቸው አልተመታም፣ የፈሰሰ ደምም የለም። ግን ሲተነፍሱ ጎናቸውን ይወጋቸዋል፤ ማሳልም ጋደም ማለትም አልቻሉም። “አንድ የሚያስታግስ ነገር ብቻ ንገሪኝ” አሉ የአጎቴ ሚስት፤ “ከፋርማሲ ላስገዛ።”

ስለ ሌላ ሰው ቢሆን የመድኃኒቱን ስም ነግሬያቸው ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። ለአጎቴ ግን አንድም ስም ከአፌ አልወጣ አለ። እኔ እስክደርስ ምንም ነገር እንዳይሰጧቸው ለምኜ ስልኩን ዘጋሁ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው። አባቴ ሲሞት እናቴንና እኔን ሰብስበው ያኖሩን፣ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በከባድ መኪና ሾፌርነት ነው። ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ከወደቡ እየጫኑ ወደ መሃል አገር ያመላልሱ ነበር። ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር ወገባቸው ላይ ቀርቷል። የሕመም ክኒን ከሸሚዝ ኪሳቸው አይለይም ነበር፤ እንደ ከረሜላ ነበር የሚወስዱት። ከአንድ መኪና ወርዶ ሌላው ላይ የሚወጣው ጓደኛቸው ሁሉ እንዲሁ ነበር።

በኋላ ሆዳቸው ውኃ መቋጠር፣ ዓይናቸውም ቢጫ መምሰል ጀመረ። ጉበታቸውን ለብዙ ዓመት ቫይረስ ሲበላው ኖሮ ጠባሳ ብቻ አስቀርቶታል ተባለ። ጉበት ሲባል ሰው ሁሉ መጠጥ ይመስለዋል። ጠላ እንኳ ቀምሰው የማያውቁት አጎቴ፣ መስጊድ ውስጥ ሰው ሆዳቸውን አይቶ ፊቱን ሲያዞር ያዩ ነበር። “ወላሂ፣ ከበሽታው ይሄ ይበልጣል” አሉኝ አንድ ቀን። ያን ሰሞን ክኒኖቹን ከኪሳቸው አስወጣኋቸው። ጉበት እንዲህ ሲጎዳ ኩላሊትም በቋፍ እንደሚሆን፣ እነዚያ ክኒኖች ደግሞ ኩላሊቱን ሊያቆሙትና ጨጓራን ሊያደሙ እንደሚችሉ አስረዳኋቸው። ሳይከራከሩ አስረከቡኝ። ወገባቸው ግን መታመሙን አላቆመም፤ ዝም ብቻ አሉ።

የምፈራው አይቼው ስለነበር ነው። ከዚያ ክረምት በፊት ከሐርቡ አካባቢ አንድ ገበሬ መጥቶ ነበር፤ በሽታው የአጎቴ ዓይነት። ጉልበቱን አሞት በየቀኑ የሕመም መርፌ ሲወጉት ከርመዋል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሽንቱ ቆሟል፣ ደም ያስታውከዋል። ወንድሞቹ መርፌው ጥሩ እንደነበር፣ ሕመሙን ፈጽሞ እንዳጠፋለት ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። ሰውዬው ሲሞት ጉልበቱን አያመውም ነበር።

ፈቃድ ጠይቄ ወደ መናኸሪያ ሄድኩና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በየመጠምዘዣው ጥሩምባ ይነፋል። ከፊቴ ያሉት ሴት እመብርሃንን ይጠራሉ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ዱዓ ያደርጋል። እኔ ገደሉ ትዝም አላለኝ። በልቤ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ እጥላለሁ። እነዚያ ኩላሊት የሚያቆሙት አይሆኑም። እንደ ሞርፊን ያሉትን ጠንካሮቹን የታመመ ጉበት ቶሎ ስለማያስወጣቸው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ሰውየው ያንቀላፋል፣ ይዘባርቃል፣ ከዚያ ላይነቃ ይችላል። ፓራሲታሞልን ደግሞ ተማሪ ሳለን በጉበት ጠላትነቱ ነው ያወቅነው። ዝም ብዬ ብተዋቸውስ? ጎናቸውን ፈርተው በደንብ ካልተነፈሱና ካላሳሉ ሳንባቸው አክታ ይሞላል፤ ደካማ ሰው በዚያም ይሞታል።

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አጎቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ፍራሹን ጨብጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ትንፋሻቸው አጭር አጭር ነው። አጠገባቸው የሰፈሩ ድሬሰር ቆመዋል። እሳቸው ጡረታ ወጥተውም ሰው በጠራቸው ሰዓት የሚደርሱ፣ እኔንም በልጅነቴ ከወባ ያዳኑኝ ሰው ናቸው። እጃቸው ላይ የተሞላ መርፌ አለ።

ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የሰበሩትን ብልቃጥ አሳዩኝ። ዲክሎፌናክ ነው፤ የሐርቡው ሰው ሲወጋው የከረመው ያው መድኃኒት።

“አባባ፣ ይቅርባቸው” አልኩ።

እሳቸውም በትህትና፣ አጎቴ ከንጋት ጀምሮ እንዲህ እየተሰቃዩ መሆኑን፣ አንድ መርፌ ብዙ ጉዳት ላያመጣ እንደሚችል ነገሩኝ። ምናልባት እውነታቸውን ነው። አንዳንዱ ሰው አንዷን መርፌ ይሻገራታል። የትኛው እንደሚሻገር ግን እኔም እሳቸውም አናውቅም። የጉበታቸውን ነገር፣ ያየሁትንም ሰው ነገርኳቸው። ድሬሰሩ መርፌውን ከድነው ቦርሳቸው ውስጥ አኖሩትና ቅር ሳይላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። “እሺ፣ እሱ ይቅር” አሉ በቁርጥ ቁርጥ ትንፋሽ። “አንቺስ ምን ትሰጪኛለሽ?”

ወደ ደሴ እንሂድ አልኩ።

የጎረቤት ፒክአፕ ተገኝቶ፣ ትራስ ጎናቸው ላይ አስደግፈን ዳገቱን ወጣን። መኪናው ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር አጎቴ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ እንጂ አይጮኹም። ራጅ ሲነሱ የጎን አጥንታቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተገኘ፤ ሳንባቸው ግን አልተነካም። በእኛው ክፍል አስተኛናቸው።

የክፍላችን ኃላፊ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው። ካርዱን ከእጄ ወሰዱትና “አንቺ ዛሬ ዘመድ ነሽ” አሉኝ። “ትእዛዙን እኔ እጽፋለሁ። አንቺ ትጠብቂያቸዋለሽ።” ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረው መጠጥ ይወስዱ እንደሆነ ጠየቋቸው።

የአጎቴ መንጋጋ ሲጠብቅ አየሁ። ሐኪሙም ያዩት ይመስለኛል። የጠየቁት ለመፍረድ እንዳልሆነ፣ የሚጠጣና የማይበላ ሰው ሊሰጡት ያሰቡትን መድኃኒት ያን ያህል እንደማይችለው፣ መጠኑን ለማወቅ እንደሆነ አስረዷቸው።

“ወላሂ ቀምሼ አላውቅም።”

“አምንዎታለሁ” አሉ ሐኪሙ፤ ጻፉም። አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይቼ ሳየው ጉንጫቸው ረጥቧል።

የተጻፈው ፓራሲታሞል ነበር። ሐኪሙን ተከትዬ ኮሪደር ላይ ወጣሁና ጉበታቸው እኮ፣ ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው ይህን ጥያቄ ከወጣት ሐኪም ሁሉ የለመዱት ይመስላሉ። መርዝ የሚሆነው ሲበዛ ነው አሉኝ። ለጤነኛ ሰው በቀን ከሚፈቀደው እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ፣ ተከፋፍሎ፣ ከዚያ ሳያልፍ ከተሰጠ፣ ለእንዲህ ዓይነት በሽተኛ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ሰው እሱን ፈርቶ ወደ ዲክሎፌናክ ይሮጣል፤ የሚገድለው ደግሞ ያኛው ነው። ቤተሰቡ ከሱቅ የጉንፋን ክኒን ገዝቶ እንዳይደርብባቸውም እንዳስጠነቅቅ ነገሩኝ፤ ብዙው ክኒን ውስጥ ያው ፓራሲታሞል ስላለ መጠኑ ሳናውቀው ያልፋል።

የአጎቴ ሚስት ክኒኑን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት። “ይሄማ የራስ ምታት ክኒን ነው” አሉ። ለዚህ ነው እዚህ ድረስ ያመጣሽን የሚል ነገር ዓይናቸው ላይ ነበር።

ትንሽ አስታገሳቸው። መቀመጥና ሾርባ መጠጣት ቻሉ። ማሳል ግን አልቻሉም። በማግስቱ ደረታቸውን ሳዳምጥ ከታች በኩል ትንፋሽ አይሰማም፤ ሲተነፍሱም ጉሮሯቸው ውስጥ አክታ ይንኮራኮራል። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አዳመጧቸውና የሚጠጣ ሞርፊን ጨመሩ፤ ለሌላው ሰው ከሚታዘዘው በጣም ያነሰ፣ በጣም የተራራቀ። ከእሱ ጋር ሆድ የሚያስኬድ ሽሮፕ አዘዙ። ይህ ሽሮፕ ከመድኃኒቱ እኩል ነው አሉ ለአጎቴ ሚስት። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ሆድ ሲደርቅ ጉበት የማያጣራው መርዝ ወደ አንጎል ይወጣል። የእንቅልፍ ክኒን በምንም ዓይነት እንዳይነካቸው።

እኔን ደግሞ የማውቀውን ነገር እንደማላውቅ አድርገው አስጠኑኝ። ፈርቼ እንደምረሳ ገብቷቸው ነበር። ከእያንዳንዱ መጠን በፊት እጃቸውን መኪና እንደሚያስቆም ሰው ወደ ፊት አስዘርጊያቸው፤ መዳፋቸው እንደ ክንፍ ከተርገበገበ መርዙ አንጎል ደርሷል ማለት ነውና ሞርፊኑን አትስጪ። በደንብ የሚያውቁትንም ነገር ጠይቂያቸው። እኔ የአሰብን መንገድ መረጥኩ። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ቁርኣን ተማሪ በቃላቸው ይወጡታል፦ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ዶቢ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ።

የመጀመሪያዋን መጠን ራሴ አጠጣኋቸው። ማንኪያዋ ላይ ያለችው ጠብታ እንኳን አጎቴን የወደቀ ድመት የምታስታግስ አትመስልም፤ እኔ ግን ከካርዱ ጋር ደጋግሜ አመሳክሬ ነው የሰጠኋቸው። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደረታቸውን ማየት ጀመርኩ። ሲነሳ፣ ሲወርድ። ትንሽ የዘገየ ሲመስለኝ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ከሰዓት በኋላ ትራሱን ጎናቸው ላይ አቅፈው፣ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳሉ። የወጣውን አክታ ያየሁበትን ደስታ ለሰው ብናገር ያፀይፋል።

እንዲህ ጥቂት ቀን ሄደ። አንድ ጠዋት ግን ሰላም ስላቸው ቶሎ አልመለሱልኝም። እጃቸውን እንዲዘረጉ ጠየቅኳቸው፤ ዘረጉ። ከባቲ ቀጥሎስ፣ ጋሼ?

“ሐርቡ” አሉ።

ሐርቡ በአዲስ አበባ መንገድ ነው። በሕይወታቸው ከባቲ ወደ ሐርቡ ነድተው አያውቁም። የቀለዱብኝ መስሎኝ ፈገግ ልል ስል መዳፋቸው ወደ ታች እጥፍ፣ ቀና፣ እጥፍ አለ። ከዚያ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው የኋላውን ጎማ አየኸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የመኪናቸው ረዳት መስያቸው ነበር።

ያኔ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቢፒአር በሚባለው የለውጥ ሥልጠና ተጠምዶ ነበርና ሐኪሙም ስብሰባ ላይ ናቸው። ሞርፊኑ እንዲቆም ለነርሷ ነገርኩና ሰው ልኬ አስጠራኋቸው። እስኪመጡ ትኩሳት ለካሁ፣ የለም። ግፊታቸው ደህና ነው። ደም የመሰለ ነገር አላስታወካቸውም። የሞርፊኑ መጠን ከታዘዘው አላለፈም። እያንዳንዱ ደህና ሲሆን ፍርሃቴ ይብሳል፤ የቀረው እኔ ያጠጣኋቸው ጠብታ ብቻ መሰለኝ። የአጎቴን ሚስት ሆዳቸው መቼ እንደሄደ ጠየቅኋቸው።

አንገታቸውን ደፉ። ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ አልሄደም አሉ። ሽሮፑስ?

“አልጠጡትም” አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። “መጸዳጃ ቤት ሴት ልጅ ደግፋ ስትወስዳቸው ሐፍረት ሆነባቸው። ጎናቸውን ይዘው መቀመጡም አቃታቸው። ድፊልኝ ሲሉኝ አሳዘኑኝና ደፋሁት። እኔ ዋናው መድኃኒት ማስታገሻው መስሎኝ።”

ልቆጣ አልቻልኩም። አጎቴ አጠገባችን ሆነው በአየር ላይ ማርሽ ይቀይራሉ።

ሐኪሙ የስብሰባ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። ሆዳቸው ውስጥ ያለው ውኃ መርቅዞ እንዳይሆን በቀጭን መርፌ ቀድተው ወደ ላቦራቶሪ ላኩ፤ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ወንድ ነርስ ተፈልጎ በፊንጢጣ በኩል ሆድ የሚያጸዳ መድኃኒት ሰጣቸው። ሽሮፑን በማንኪያ እየጨለፍኩ፣ እንዳያንቃቸው አንገታቸውን ቀና አድርጌ አጠጣኋቸው። የቀረው መጠበቅ ነበር። እኔ በሰው ልጅ መጸዳዳት ላይ እንደዚያ ቀን ዱዓ አድርጌ አላውቅም። ሆዳቸው ሄደ፤ ደገመ። አሁንም ያዩኛል እንጂ አያውቁኝም። የአጎቴ ሚስት እግራቸውን ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በመካከል ለእናቴ ምን ብዬ እንደምደውልላት ቃላት እየመረጥኩ ራሴን ያዝኩት፤ ያን ጊዜ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ስመለስ ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር።

“ዙህር አለፈኝ እንዴ?” አሉኝ።

የቀትሩ ሶላት አልፏቸዋል። ዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ ሊገባ ነበር። አልቅሼ ስጨርስ መንገዱን ጠየቅኳቸው፤ ከባቲ እስከ አሰብ አንዱንም ሳይስቱ ወጡት። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ደጋግሜ ስለምጠይቃቸው ግን ተሰላችተው ነበር።

ያላሰብኩት ነገር፣ አእምሯቸው ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ማታውን በፓራሲታሞል ብቻ አሳለፍናቸው፤ በማግስቱ እንደገና ማሳል አቃታቸው። ሐኪሙ ሞርፊኑን እንድጀምር ጻፉ፤ ከበፊቱ ያነሰ፣ ከበፊቱም የተራራቀ። እኔ አልችልም አልኳቸው። ሌላ ሰው ይስጣቸው፣ እኔ አልችልም።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። “መፍራትሽን አልጠላሁትም” አሉ። “የማይፈራ ሐኪም ለእንዲህ ያለ በሽተኛ አይሆንም። ግን አንቺ ስለፈራሽ እሳቸው መታመም የለባቸውም። ፍሪና ስጫቸው።”

አጎቴን ስለ ሽሮፑ አነጋገርኳቸው። ለመጠጣት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ መጸዳጃ ቤት የሚወስዳቸው ወንድ እንዲሆን። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ወንዱ ነርስ እሺ አለ። እሱ በማይገባበት ቀን እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያሉ ዘመዶቻችን በተራ እየመጡ አገለገሏቸው። ሽሮፑን ፊታቸውን እያጨማደዱ፣ ሰው እያያቸው ጠጡ። ሞርፊኑንም እኔ ሰጠኋቸው። እጄ ግን አንድም ቀን አልለመደውም፤ በሰጠኋቸው ቁጥር ያው የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ሳንባቸው ተከፈተ። ሞርፊኑ ቀስ በቀስ ቀርቶ ፓራሲታሞሉ ብቻ በቃቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ ያ ፒክአፕ መጣልን፤ ከኋላ ወንበር አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጉም የለም፣ ፀሐይ ወጥቷል። ቁልቁለቱን እንደጀመርን አጎቴ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። መድኃኒት ከወሰዱ ቆይተዋል፣ ሆዳቸው ጠዋት ሄዷል፣ ሁሉን አውቃለሁ። ግን መተኛታቸውን ሳይ ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። ትከሻቸውን ነካሁና ጋሼ አልኳቸው። ነቁ። ምን ሆንሽ አሉ፤ ምንም አልኩ። ከሚቀጥለው መጠምዘዣ በኋላ እንደገና ቀሰቀስኳቸው። በሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ “ኧረ ልጄ፣ በአላህ ልተኛበት” አሉኝ።

እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ደረታቸው ሲነሳና ሲወርድ እያየሁ ኮምቦልቻ ገባን።